አንድ ጥርስ

እ.ኤ.አ. በሰኔ 1967 በአይል ኦፍ ማን ደሴት የተካሄደው የ500 ሲሲ የሞተር ሳይክል ውድድር እስከ ዛሬ ይወራል። በአንድ በኩል ማይክ ሄልውድ በሆንዳ፣ በሌላ በኩል ጃኮሞ አጎስቲኒ በኤምቪ አጉስታ ተፋጠጡ። ሄልውድ የነዳጅ መስጫው እጀታ እየላላ አስቸገረው፤ ለመቅዳት በቆመበት መዶሻ ተቀብሎ ቀጥቅጦ መለሰው። አንዱን ዙር በሰዓት 108.77 ማይል ማለትም 175 ኪሎ ሜትር በሚሆን አማካይ ፍጥነት ጨረሰ። ያ ክብረ ወሰን 8 ዓመት ሳይሰበር ቆየ። በአምስተኛው ዙር ዊንዲ ኮርነር በተባለው ስፍራ የአጎስቲኒ ካቴና ተበጠሰ፤ ፍጥጫውም በዚያው አበቃ።

ስለዚያ ቀን የሚጻፈው ሁሉ ስለ ሁለቱ ሰዎች ነው፤ ይገባቸዋልም። የውጤቱን ሰሌዳ አንድ መስመር ዝቅ ብሎ ያነበበ ግን ሌላ ስም ያገኛል፦ ፒተር ዊሊያምስ፣ በማችለስ ጂ50። ሦስተኛውም ስቲቭ ስፔንሰር በኖርተን ነው። የሁለቱም ሞተር አንድ ሲሊንደር ብቻ ነበረው። ጉልበቱ 50 የፈረስ ጉልበት ገደማ ሲሆን የሄልውድ ባለ አራት ሲሊንደር ሆንዳ ከ80 በላይ ነበረው። ጂ50ን የሠራው ፋብሪካ ምርቱን ካቆመም ዓመታት አልፈው ነበር። ዊሊያምስ ከሄልውድ ብዙ ደቂቃዎች ዘግይቶ ነው የገባው። አጎስቲኒ ካቴናው ባይበጠስበት ኖሮ ሁለተኛ አይሆንም ነበር የሚል ካለ ልክ ነው።

ነገር ግን በዚያ ቀን ከእነዚያው ፋብሪካዎች በወጡ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተሮች የተሰለፈው ዊሊያምስ ብቻ አልነበረም፤ ሜዳው በእነሱ የተሞላ ነበር። ፋብሪካው ለሁሉም የሸጠው ያንኑ ሞተር፣ ያንኑ ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ ነው። ታዲያ አንዱን ከፊት ሌላውን ከኋላ ያደረገው ምንድን ነው? የነጂው ችሎታ ነው ማለት ቀላል ነው፤ በአብዛኛውም እውነት ነው። የቀረው ክፍል ግን ከውድድሩ በፊት ባለው ምሽት፣ በፋኖስ ብርሃን፣ እጅ በግራሶ ተለውሶ የሚወሰን ነገር ነበር። ነገሩ የጥርስ ቆጠራ ነው።

ሞተር ሳይክልን በቅርብ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ካቴናው በሁለት ባለ ጥርስ ክቦች ላይ ይዞራል። ትንሹ ከካምቢዮው ይወጣል፣ ትልቁ ከኋላ ጎማ ጋር ታስሯል። የፊተኛውን ጥርስ መቀነስ ወይም የኋለኛውን መጨመር ሞተሩ ለአንድ የጎማ ዙር ብዙ ጊዜ እንዲሽከረከር ያደርገዋል። ይህ «አጭር» ማርሽ ነው፤ ቶሎ ይነሳል፣ ዳገት ይወጣል፣ ቶሎም ይደክማል። ተቃራኒው «ረጅም» ነው፤ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ሜዳ ካገኘ ይሄዳል። ብስክሌት ነድቶ እንጦጦን የወጣ ሰው ተጨማሪ ማብራሪያ አያሻውም።

በቁጥር እንየው። አንድ የእነዚያ ዘመን 500 ሲሲ ሞተር ጉልበቱን በደቂቃ 7,000 ሽክርክሪት ላይ ይሰጣል እንበል። የኋላ ጎማው ዙሪያ 2.05 ሜትር ነው። ጎማው አንዴ ሲዞር ሞተሩ 4.2 ጊዜ የሚሽከረከር ከሆነ በአራተኛ ማርሽ የሚደርስበት ፍጥነት በሰዓት 205 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አሁን ባለ 20 ጥርሱን የፊት ክብ አውጥቶ ባለ 19 ማስገባት ብቻ ነው። ያው ሞተር፣ ያው 7,000፣ ፍጥነቱ ግን 195 ነው። በአንድ ጥርስ 10 ኪሎ ሜትር ሄደ ማለት ነው። ከኋላ በኩል ደግሞ 44 ጥርስ ካለው ላይ አንድ ቢጨመር የሚቀነሰው 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ሰዎች በፊተኛው በግምት ይጠጉና በኋለኛው የሚያጠሩት።

10 ኪሎ ሜትር ጠፋ ሲባል ከስሮ የወጣ ይመስላል። አይደለም። ጥያቄው በየትኛው መንገድ ላይ ነው የሚለው ነው።

የአይል ኦፍ ማን ጎዳና አንዱ ዙር 60.7 ኪሎ ሜትር ነው፤ የ1967ቱ ውድድር 6 ዙር ነበር፣ ወደ 364 ኪሎ ሜትር። ተራ የሕዝብ መንገድ ነው፤ በመንደር መካከል፣ በድንጋይ አጥር ጥግ፣ በቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ያልፋል። ሰልቢ ላይ ረጅም ቀጥታ ሜዳ አለ። ከዚያ ራምሲ የምትባለው ከተማ ትመጣለች፤ ከባሕር ጥግ ናት። ከራምሲ ወጥቶ ጠባቡን መታጠፊያ ካለፈ በኋላ መንገዱ ከ400 ሜትር በላይ ወደ ተራራው ይወጣል። ከተራራው ደግሞ ክሬግ-ኒ-ባ ወደሚባለው ስፍራ በረጅሙ ይወርዳል። በአንድ ዙር ሜዳ፣ ዳገት፣ ቁልቁለት፣ መንደር። ከታች ፀሐይ፣ ከላይ ጭጋግ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ሁሉ የሚመረጠው ግን አንድ ጥምርታ ብቻ ነው፤ በመንገድ ላይ ቆሞ ጥርስ የሚቀይር የለም።

ወደ ምሳሌው እንመለስ። ተራራው ላይ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ፣ ሞተሩ በአራተኛ ማርሽ ከ175 ኪሎ ሜትር በላይ መሳብ አቃተው እንበል። ረጅሙን ማርሽ የመረጠው ሰው ሞተር በዚያ ፍጥነት 6,000 እንኳ አይሞላም፤ ጉልበቱ ካለበት በታች ነው፣ ያቃስታል። አጭሩን የመረጠው 6,300 ላይ ነው፤ ትንሽ ይሻላል፣ ይጎትታል። እስካሁን አጭሩ አሸነፈ። ግን ሁለቱም ተራራውን ጨርሰው ወደ ክሬግ-ኒ-ባ ሲወርዱ፣ ስበቱ ራሱ እየገፋ 205 ላይ ያደርሳቸዋል። ረጅሙን የያዘው ልክ 7,000 ላይ ነው፣ ሰላም ነው። አጭሩን የያዘው ሞተር 7,400 ሊደርስ ምንም አልቀረውም። የዚያ ዘመን ትልቅ ነጠላ ፒስተን በዚያ ፍጥነት ሲመላለስ ቫልቩ ከፒስተኑ ጋር ሊጋጭ፣ ቢዬላው ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ነጂው ቁልቁለቱን ነዳጅ እየቀነሰ ይወርዳል፤ ዳገት ላይ ያተረፈውን ቁልቁለት ላይ ይመልሳል። ወይም አይቀንስም፣ በሞተሩ ይቆምራል። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ሞተሩ ድንገት ነክሶ የኋላ ጎማ ሲቆልፍ ምን እንደሚሆን መግለጽ አያስፈልግም። ስለ ጥርስ ሲወራ እየተወራ ያለው ስለ ሕይወትም ጭምር ነው።

እንግዲህ የትኛው ነው ትክክል? የተራራውን ዳገት የሚመዝን አንድ መልስ አለው፣ የሰልቢን ሜዳ የሚመዝን ሌላ መልስ አለው። መካኒኩ በቅድሚያ የሚጠይቀው «የት ልሸነፍ?» ብሎ ነው። ጥሩ መካኒክ የሚሸነፍበትን ስፍራ ራሱ ይመርጣል፤ መጥፎ መካኒክ ስፍራውን ውድድሩ ይመርጥለታል።

አንደኛ ማርሽ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በኖርተን ማንክስ ካምቢዮ ውስጥ አራቱ ማርሾች በጣም ተቀራርበው ነው የተሠሩት፤ ሞተሩ ከጉልበቱ ክልል እንዳይወጣ። የዚህ ዋጋው አንደኛ ማርሹ ረጅም መሆኑ ነው። በምሳሌያችን አንደኛው ብቻውን እስከ 115 ኪሎ ሜትር ድረስ ይሄዳል። በገበያ መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ሞተር ሳይክል ቢሰጡት ማንም ሰው የመጀመሪያው መብራት ላይ ያጠፋዋል። አሁን ይህ ሞተር ወደ ጠባቡ የራምሲ መታጠፊያ ይገባል። ፍጥነቱ 40 ነው። በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ 2,400 ላይ ነው የሚሽከረከረው። ችግሩ ደግሞ ከማርሚታው ጋር ይያያዛል። የዘመኑ የውድድር ማርሚታ ጫፉ እንደ ድምፅ ማጉያ እየሰፋ የሚሄድ ነበር። ያ ቅርጽ ሞተሩ በፍጥነት ሲሽከረከር የተቃጠለውን ጋዝ ስቦ ያወጣል፣ አዲሱን አየር ጎትቶ ያስገባል፤ ጉልበት ይጨምራል። በዝቅተኛ ሽክርክሪት ግን ተመልሶ ይመታል፤ ሞተሩ ይሳላል፣ ይንተፋተፋል፣ ከዚያ 5,000 አካባቢ ሲደርስ ድንገት ይነቃል። ስለዚህ ነጂው ፍሪሲዮኑን በከፊል ይዞ፣ ሞተሩን እያስጮኸ፣ እያንሸራተተ ከመታጠፊያው ይወጣል። ፍሪሲዮኑ ይግላል፤ በረጅም ውድድር መጨረሻ ላይ መንሸራተት ይጀምራል። አነሳሱም እንዲሁ ነው፦ በዘመኑ ሞተሩ ጠፍቶ እየተገፋ ነበር የሚነሳው፤ ነጂው ሮጦ ይገፋል፣ ይዘላል፣ ሞተሩ ቢነሳ ተመስገን።

በአይል ኦፍ ማን እንዲህ ያሉ ጠባብ መታጠፊያዎች በ60 ኪሎ ሜትር ውስጥ ጥቂት ናቸው። በእያንዳንዳቸው ሁለት ሰከንድ ቢጠፋ ይቻላል። እንግሊዝ መካከል ያለው ማሎሪ ፓርክ ግን አንዱ ዙር 2.2 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ጠባብ መታጠፊያው በየደቂቃው ይመጣል። እዚያ ላይ ሁለት ሰከንድ መጣል ማለት ውድድሩን መጣል ነው። ስለዚህ እዚያ ማርሹ ያጥራል፤ ከፍተኛው ፍጥነት ማንንም አያሳስብም። ማርሚታውም ሊቀየር ይችላል። ጫፉ መልሶ የሚጠብበው ዓይነት ከላይ ያለውን ጉልበት በጥቂቱ ቢቀንስም ሞተሩን ቀደም ብሎ ያነቃዋል። ማሎሪ ያሸነፈውን ሞተር እንዳለ ጭኖ ቤልጅየም ስፓ የወሰደ ሰው ግን መሳቂያ ይሆናል። የዚያ ዘመን የስፓ ጎዳና 14 ኪሎ ሜትር ነበር፤ በአርደን ደን ውስጥ ነዳጅ ሳይቀነስ ረጅም ጊዜ የሚነዳበት፣ ከፈጣኖቹ ሁሉ ፈጣን የሚባል። በማሎሪ ማርሽ የገባ ሰው የመጀመሪያውን ቀጥታ ሳያጋምስ ሞተሩ ከልኩ በላይ ይጮኻል፤ ሌሎቹ በዝግታ የሚሄዱ እየመሰሉ ያልፉታል።

ጣልያን ሞንዛ ላይ ደግሞ ሌላ ስሌት አለ። ከፊት ያለው ሞተር ሳይክል አየሩን ይሰነጥቃል፤ ከኋላው ተለጥፎ የሚሄድ ያለ ተጨማሪ ጉልበት ፍጥነት ያገኛል። ብቻውን ሲለማመድ 7,000 የነበረው፣ በሰው ጥላ ሥር ሲገባ ከዚያ ያልፋል። ስለዚህ ሊጠጋ ያሰበ ሰው ማርሹን ትንሽ አስረዝሞ ይመጣል። ይህም ቁማር ነው፤ ከቡድኑ ከተነጠለ በዚያው ረጅም ማርሽ ብቻውን ሲቃትት ይውላል።

በዘመኑ በራሳቸው ኪስ የሚወዳደሩ ሰዎች በአሮጌ መኪና አንድ 350 እና አንድ 500 ሞተር ሳይክል ጭነው ከአገር አገር ይዞሩ ነበር። የሚተዳደሩት አዘጋጆች ለመሰለፍ በሚከፍሏቸው ገንዘብ ነው። በመኪናው ውስጥ ከመኝታውና ከምድጃው ጎን ባለ ጥርስ ክቦች የታጨቁበት ሣጥን አይጠፋም፤ ከሣጥኑ ጋር ደብተር። በዚህ ጎዳና፣ በዚህ ነፋስ፣ ይህን ያህል ጥርስ ተብሎ ይጻፋል። ደብተሩ ከሞተሩ ይበልጥ ይደበቅ ነበር ቢባል ማጋነን አይደለም።

ደብተሩን የሰረቀ ሰው ግን የሚያገኘው ከሚገምተው ያነሰ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ሞተር ይዘው፣ አንድ ጎዳና ላይ፣ በአንድ ቀን ቢሰለፉ ትክክለኛው ማርሽ ለሁለቱ አንድ ላይሆን ይችላል። ከቀጥታው በፊት ያለውን መታጠፊያ አንዱ በ130 ይወጣል፣ ሌላው በ120። በ130 የወጣው ቀጥታውን የሚጀምረው ሞተሩ ነቅቶ ስለሆነ ረጅም ማርሽ ይሸከማል፤ መጨረሻው ላይም ያተርፋል። በ120 የወጣው ያንኑ ማርሽ ቢገጥም ሞተሩ ከጉልበቱ በታች ወድቆ ቀጥታው እስኪያልቅ አይነቃም። የክብደት፣ የቁመት፣ ከታንከሩ ላይ ተኝቶ የመነዳት ልማድ ልዩነትም አለ። ከፈጣኑ ሰው ቁጥር የሚቀዳ ሰው ቁጥሩን እንጂ መታጠፊያውን አይቀዳም። ስለዚህ ቀስ ያለ ሰው ከፈጣኑ ማርሽ ቢገለብጥ ከበፊቱ ይበልጥ ቀስ ይላል። ከሌላ አገር ሰነድ ቃል በቃል እየገለበጡ «እዚያ ሠርቷል» ለሚሉ ሰዎች ይህን ማስረዳት ከባድ ነው፤ ለጋራዥ ሰው ግን ቀላል ነው።

ፒተር ዊሊያምስ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። አባቱ ጃክ ዊሊያምስ የእነዚያን የማችለስና የኤጄኤስ የውድድር ሞተሮች ልማት የመራ መሐንዲስ ነበር፤ ልጁም በምሕንድስና የሠለጠነ ነው። ተጨማሪ የፈረስ ጉልበት ከየትም እንደማይመጣ ስላወቀ ሌላውን ወገን ያዘ። በቶም አርተር ጋራዥ በተዘጋጀው ማችለስ ላይ ከዓመት ዓመት ክብደቱን ቀነሰ፣ ፊቱን አጠበበ፣ ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠሩ ጎማዎች ገጠመ። አየሩ ያነሰ ከተቃወመው ያው 50 የፈረስ ጉልበት አንድ ጥርስ የረዘመ ማርሽ ይሸከማል። ጥርሱን መጨመር ማንም ይችላል፤ የተጨመረውን ጥርስ የሚሸከም ሞተር ሳይክል ማዘጋጀት ነው ሥራው።

ማርሹ ከተወሰነ በኋላ ካርቡራቶሩ ይመጣል። ቤንዚን የሚያሳልፈው ትንሽ ቀዳዳ፣ ጄት የሚሉት፣ በቁጥር ይለያያል። ሰፋ ካለ ሞተሩ ቤንዚን ይጠግባል፣ ይታፈናል፣ ግን አይግልም። ከጠበበ ስል ይሆናል፣ ይፈጥናል፣ ግን ይግላል፤ ፒስተን ሊቀልጥም ይችላል። ለአጭር ውድድር ጠበብ ማድረግ ይቻላል፤ ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ረጅም ለሚነዳበት ለሰልቢ ወይም ለስፓ ሰፋ ይደረጋል። መመርመሪያው ካንዴላ ነው። ነጂው በሙሉ ፍጥነት እየሄደ ሞተሩን በአንዴ ያጠፋና ፍሪሲዮኑን ይዞ ይቆማል፤ ካንዴላው ይፈታል። ጥቁር ጥላሸት ካለበት ቤንዚን በዝቷል፤ ከነጣ አንሷል፤ የተቆላ ቡና ከመሰለ ሸጋ ነው። ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን የሞተሩ ምስክር ይህ ነበር፤ አይዋሽም።

ከፍታ ሲጨመርበት ነገሩ ይወሳሰባል። አየሩ ስስ ነው፤ ያው ጄት ለአየሩ የሚበዛ ቤንዚን ይሰጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ እዚህ ካርቡራቶር ያለው ሞተር ከአምስት እጅ ጉልበቱ አንዱን ያህል ያጣል። በባሕር ጠለል የተስተካከለ ሞተር እንዳለ ሲገባ የሚያጨሰውን ጥቁር ጭስ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። የከተማው መካኒክ ጄቱን ያጠበዋል። ያ መኪና ተመልሶ ወደ ጅቡቲ ሲወርድ ደግሞ በተቃራኒው ቤንዚን ያንሰዋል፣ ይግላል። ከአፍሪካ ተነስተው አይል ኦፍ ማንን ካሸነፉት አንዱ ሬይ አም ነው፤ በኖርተን በ1953 እና በ1954 ዋናውን ውድድር የወሰደ፣ ዛሬ ሐራሬ በምትባለው ከፍ ባለ ቦታ ላይ በተመሠረተች ከተማ የተወለደ። ከዚያ ደጋ ወደ ባሕር ዳር የሚወርድ ሰው ማርሹንም ካርቡራቶሩንም ከባዶ ነው የሚጀምረው፤ ጉልበቱ ሲጨምር የሚሸከመው ማርሽም ይረዝማልና።

ማርሽ የዚህ ውድድር ጉዳይ የሆነው ግን ከኖርተንም ከማችለስም በፊት ነው። ውድድሩ በ1907 ሲጀመር ብዙዎቹ ሞተር ሳይክሎች አንድ ማርሽ ብቻ ነበራቸው፤ ዳገት ሲመጣ በፔዳል ያግዟቸው ነበር። በ1911 መንገዱ ወደ ተራራው ተዛወረ። የእንግሊዝ ፋብሪካዎች በአብዛኛው ቆዳ ቀበቶ ይዘው መጡ። የአሜሪካው ኢንዲያን ካቴናና ባለ ሁለት ማርሽ ካምቢዮ ይዞ መጣና ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ያለውን ጠቅልሎ ወሰደ፤ አሸናፊው ኦሊቨር ጎድፍሪ ነበር። ተራራው ባይኖር ምናልባት ቀበቶው ብዙ ዓመት በቆየ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማርሽ መጨመር መፍትሔ ሆኖ ታየ፤ በ1960ዎቹ ደግሞ ልኩን አለፈ። በ1962 የጀርመኑ ክራይድለር 50 ሲሲ ሞተር በእግር አራት፣ በእጅ ሦስት፣ በድምሩ 12 ማርሽ ይዞ ወጣ። ሱዙኪ በዚያው መደብ 14 ደረሰ። ሞተሮቹ እጅግ በጣም ጠባብ በሆነ ክልል ብቻ ጉልበት ስለሚሰጡ፣ ነጂው ሥራው ማርሽ መቀያየር ብቻ ሆነ። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ከ1969 ጀምሮ 50 ሲሲን በአንድ ሲሊንደርና በ6 ማርሽ ገደበው፤ ሌሎቹ መደቦች ተከተሉ። ፋብሪካዎቹ አኮረፉ። ገደቡ ግን ትክክል ነበር፤ ያለዚያ ውድድሩ በገንዘብ መለኪያነት በቀረ ነበር።

ለግል ተወዳዳሪዎችም መንገድ ተከፈተ። ሻፍላይትነር የሚባል ኦስትሪያዊ ለአሮጌዎቹ ኖርተኖችና ማችለሶች ባለ 6 ማርሽ ካምቢዮ ሠራ። ገንዘብ ያለው ገዛ። አንደኛው አጠረ፣ በጠባቡ መታጠፊያ ፍሪሲዮን ማቃጠል ቀረ፤ የተራራው ሦስተኛና አራተኛ መካከል የነበረው ገደል ጠበበ። ገንዘብ የሌለው በአራቱ ቀጠለ። በ1969 መስከረም ላይ ዩጎዝላቪያ ኦፓቲያ በተባለች የባሕር ዳር ከተማ፣ አጎስቲኒ ሻምፒዮንነቱን ቀድሞ አረጋግጦ ባልተሰለፈበት ቀን፣ ጎድፍሪ ናሽ በኖርተን ማንክስ የ500 ሲሲ ግራንድ ፕሪ አሸነፈ። ፋብሪካው መሥራቱን ካቆመ ስድስት ዓመት ባለፈው ሞተር! ከዚያ በኋላ ኖርተን ማንክስ በዚያ ደረጃ አላሸነፈም።

ዛሬ ጥንታዊ ሞተር ሳይክሎች በነሐሴ ወደዚያው ደሴት ይመለሳሉ። ብዙዎቹ ጥንታዊ የሚባሉት በስም ነው፤ ሞተራቸው ከድሮው ንድፍ በአዲስ ብረት የተሠራ፣ ካምቢዮው ባለ 6 ማርሽ፣ እሳቱ በኤሌክትሮኒክስ የሚሰጥ ነው። ይህ ማጭበርበር ነው የሚሉ አሉ። ከባድ ክስ ነው፤ በ60 ዓመት አሮጌ ቢዬላ ላይ ሕይወቱን የሚጥል ሰው አዲስ ብረት ቢመርጥ ማን ይወቅሰዋል? በዚህ ላይ ክርክር አያስፈልግም። ስለ 6 ማርሹ ግን ያስፈልጋል። በ4 ማርሽ የሚሠራው ስሌት አንድ ሰው ሞተሩን፣ መንገዱንና ራሱን እንዲያውቅ ያስገድደው ነበር፤ በ6 ማርሽ ግማሹ ስህተት ይሸፈናል። ፍጥነት ጨምሯል፣ አደጋም በአንድ በኩል ቀንሷል። የቀነሰው ሌላ ነገር በሰዓት የሚለካ አይደለም፤ ለዚህም ነው ተከራካሪዎቹ የማይስማሙት።

ቢሆንም ሣጥኑ አልቀረም። በነሐሴ ምሽት፣ ልምምድ ሲያበቃ፣ ከድንኳኖቹ ሥር አሁንም ካቴና ይፈታል። አንዱ ነጂ ተራራው ላይ ነፋሱ ፊት ለፊት እንደሆነ ተናግሮ አንድ ጥርስ ከኋላ ያስጨምራል። አጠገቡ ያለው በዚያው ሞተር፣ በዚያው ነፋስ፣ ከመታጠፊያው በፍጥነት ስለሚወጣ አንድ ያስቀንሳል። መካኒኩ ሁለቱንም ሰምቶ፣ ሁለቱንም ገጥሞ፣ ካቴናውን ወጥሮ በጣቱ ገፋ ገፋ ያደርገዋል፣ ዘይት ያንጠባጥብበታል፤ ከዚያም ማያያዣው በትክክል መግባቱን ለሦስተኛ ጊዜ ባትሪ አብርቶ ያያል።